ያልተለካው ባልዲ

መስከረም 20

ለምሳሳለት የታላቅ ወንድሜ ልጅ፤

ይህች ወረቀት ስትደርስህ ጤናህ የተሟላ፣ ሥራህ የተቃና፣ የምታድርባት ክፍልም የሞቀች ትሁን። እኛ ከጉልበቴ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴማ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። እሱን ተወውና ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

ሉሆቹን የላክህባት ነርስ በሰላም ገብታለች። አሥራ ሁለቱን ሉሆች በካርቶን ቱቦ እንዳሉ መንገዱን በሙሉ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ያመጣቻቸው። «እትዬ፣ አራስ ልጅ ይዤ የመጣሁ ነው የመሰለኝ! አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ክርኑን ባነሳ ቁጥር በዓይኔ ስበላው ነበር» አለችኝ። ምሳ አብልቼ ሸኘኋት። ስለ አንተ ያወራችኝን ሁሉ ብጽፍልህ ታፍራለህ፤ ፀጉርህ ከፊት ለፊት መሸሽ ጀምሯል አሉ።

ሉሆቹን የገጠማቸው አጎትህ ነው። የአልኮል ማድረቂያ ማሽናችንን ታውቀዋለህ፣ እንደ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ገጾቹ የብረት ሰሌዳዎች፣ በየመሐላቸው የሚገባው ደግሞ የአንተ ሉህ። አጎትህ እጁን ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ትንፋሹን ውጦ አንድ በአንድ አስገባቸው። ሸሪኬ ፋርማሲስቱ በሩ ላይ ተደግፎ «ቀዶ ሕክምና ነው እንዴ? ደም ይዘጋጅ?» እያለ ሲያሾፍ ነበር። አጎትህ ዞር ብሎም አላየው። መቼም ከሱ አፍ አንድ ቃል ለማውጣት መፍቻ ያስፈልጋል።

ደስ የሚለው ሥራው መጀመሩ ነው። አሮጌዎቹ ሉሆች ሁለት ቀን የሚፈጅባቸውን አልኮል አዲሶቹ በአንድ ቀን ተኩል ከውሃው ለይተው ያደርቁታል። ከማሽኑ ጀርባ ያለው የውሃ ባልዲ እንኳ በፊት አንዴ በሚሞላበት ጊዜ አሁን ሁለቴ ይሞላል። የሚደፋው አጎትህ ነው። «ሉሆቹ ጎበዝ ናቸው፤ ውሃውን ይመጥጡታል» አለኝ። ዘንድሮ የተናገረው ረጅሙ ንግግር ይኼ ነው።

አንድ ነገር ልለምንህ። የላቦራቶሪ ደንበኞቻችን «ምን ዓይነት ወንፊት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ ማስረዳት አልችልም። እስቲ በሰው ቋንቋ ጻፍልኝ። ስልክ አትደውል፤ ስልኩ ያለው ፋርማሲስቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የኔም ጆሮ ስልክ ላይ ከከዳኝ ቆይቷል።

ነርሷ ሳታመልጥህ ብዬ ያጣደፍኩህን ይቅር በለኝ። እጅህ ይባረክ።

አክስትህ

—

ጥቅምት 14

ለውድ አክስቴ፣ ለእታባ፤

ፈጣሪ ለጉልበትሽ ምሕረቱን ይላክልሽ፤ የቤቱን ደረጃ ሁሉ ያሳጥርልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ፀጉሬም ደህና ነው፤ ነርሷ ከኋላ አላየችውም።

ለደንበኞችሽ እንዲህ በያቸው፦ ወንፊት አይደለም፣ ቀዳዳም የለውም። አልኮልና ውሃ በማፍላት እስከ አንድ ቦታ ይለያያሉ። አልኮሉ ከመቶው ዘጠና ስድስት ገደማ ሲሆን ግን ተቃቅፈው አብረው ይተናሉ፤ ከዚያ በኋላ እሳት ብቻውን አይለያያቸውም። የኛ ሉህ ውሃ የሚወድ ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው። ትኩሱ አልኮል በአንድ በኩል ሲያልፍ፣ ውስጡ ያለችው ውሃ ሉሁ ውስጥ ትሟሟለች፣ ቀስ ብላ ትሰርጋለች። በወዲያኛው በኩል ፓምፑ አየሩን መጥጦ ባዶ ስላደረገው እንፋሎት ሆና ትወጣለች። ከዚያ ቀዝቃዛው ጠርሙስ መልሶ ውሃ ያደርጋታል፤ ጠርሙሱ ሲሞላ ጋሼ ባልዲው ውስጥ ይገለብጠዋል። አልኮሉን ሉሁ አይወደውም፤ ስለዚህ ደርቆ በመጣበት በኩል ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሉሁ ምድጃ ውስጥ በደንብ ከበሰለ ነው። የእናንተዎቹን የጋገርኳቸው ራሴ ነኝ።

እዚህ ወሬ ከተባለ፣ አለቃዬ ከመጪው ወር ጀምሮ የምድጃው ኃላፊ ሊያደርገኝ አስቧል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሉህ ስቆርጥ፣ ስሞርድ፣ ስጠቀልል ቆይቼ አሁን ገና የራሴ ቁልፍ ሊኖረኝ ነው።

ስለ ባልዲው የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሥራ ስለበዛብኝ እዚህ ላይ ላቁም።

ጋሼን ጉንጩን ሳሚልኝ።

የወንድምሽ ልጅ

—

ኅዳር 6

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምና ጤና ካንተ አይለዩ። ለኃላፊነቱ እንኳን ደስ ያለህ፤ እልል ልል ነበር፣ ነገር ግን ቤታችን ውስጥ እልል የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

አልኮል እየጎደለብን ነው። በፊት ሁለት መቶ ሊትር ካስገባን መቶ ዘጠና ሊትር ደረቅ አልኮል እናወጣ ነበር። አሁን መቶ ሰባ ስምንት፣ ቢበዛ መቶ ሰባ ዘጠኝ። በየዙሩ ነው፣ ሳይዛነፍ። ሁሉን ለካን፦ በርሜሉን፣ ቱቦውን፣ የማጠራቀሚያውን ወለል ሳይቀር። ያልለካነው የሚጣለውን ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም ውሃ ነው።

የደረቀው አልኮል ደግሞ ጥራቱ አንደኛ ነው። ፋርማሲስቱ ይኼንኑ ይዞ ነው ቢሮዬ የገባው። «እትዬ፣ ማሽኑ ቢበላሽ ጥራቱ ይበላሽ ነበር። ጥራቱ ደህና ሆኖ ልኩ ከጎደለ፣ አልኮል እግር የለውም። እግር ያለውን ሰው እንፈልግ» አለኝ። ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ማሽኑ ክፍል ውስጥ የሚውል አንድ ሰው ብቻ ነው።

ልጄ፣ አንተ ስትሄድ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ አጎትህ አንገትህን አቅፎ የነገረህን ሁላችንም ሰምተናል። «ዳግመኛ አንድ ብርጭቆ አላነሳም» አለህ። ሰባት ዓመት አላነሳም፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። ግን ባለፈው ሰኞ ካፖርቱን በር ላይ ሰቅሎት ሄደ፤ እኔም ተጠግቼ አሸተትኩት። እንደ ፖሊስ። እጅጌው አልኮል አልኮል ይሸታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኑን ማየት አቅቶኛል፤ እሱም የኔን።

ፋርማሲስቱ የመጋዘኑን ቁልፍ ቀየረ። አጎትህ አሮጌውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ስለዚህ አንተን እጠይቅሃለሁ፤ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለንም። ማሽኑ ራሱ አልኮሉን ሊበላው ይችላል ወይ? ቶሎ መልስልኝ።

አክስትህ

—

ታኅሣሥ 11

ለውድ አክስቴ፤

በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ ብርዱ በረታ፤ ሥራም እንደዚያው። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሙቅ ውሃ በላስቲክ እያደረግሽ ያዢበት።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፣ የመጋጠሚያ ላስቲኮቹን አይታችኋል? ካረጁ በነሱ በኩል ትነት ሊያመልጥ ይችላል። ክፍሉም ይሞቃል፤ ሙቀት ሲበዛ ትንሽ ትንሽ መቀነሱ ያለ ነው። ላስቲኮቹን ቀይሩና አንድ ወር እዩት።

ጋሼ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይመስለኝም። ግን እኔ ሩቅ ነኝ፤ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ይከብዳል። አንድ ወፍራም ሹራብ ልኬለታለሁ፣ ግራጫ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሉሆቹ በመጡበት ቱቦ ላይ በእጄ የጻፍኩበት የመለያ ወረቀት ነበረ። ካልጣላችሁት ላኪልኝ። እዚህ ለመዝገብ ይፈለጋል።

የወንድምሽ ልጅ

—

ጥር 1

ለወንድሜ ልጅ፤

ደህና ነህ ብዬ አስባለሁ።

ላስቲኮቹን አንድ ሳይቀር ቀየርን። የጎደለው እንደጎደለ ነው፤ መቶ ሰባ ስምንት ተኩል። ሹራቡ ደርሷል። አጎትህ ከነፌስታሉ ወንበር ላይ አስቀምጦታል፤ አልለበሰውም።

ፋርማሲስቱ አንድ ገጽ ወረቀት አስተይቦ አምጥቷል። «አልኮሉን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ይላል። አጎትህ እስከ የካቲት 1 ካልፈረመ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። «ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ እትዬ፣ ሌላ ቢሆን እስካሁን አልታገስም ነበር» አለኝ። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፤ ሲነግረኝ ላብ አጥምቆት ነበር። በየላቦራቶሪው ስማችን እየተነሳ ነው፤ የቀጠርነውን ማድረስ አልቻልንም።

ትናንት አጎትህን ማሽኑ ክፍል ሄጄ አነጋገርኩት። ባልዲውን እየደፋ ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

«ወንድሜ፣ እኔና አንተ ብቻ ነን። ጠጥተሃል?»

«አልጠጣሁም።»

«ታዲያ ልብስህ ለምን ይሸታል?»

ባልዲውን አስቀመጠ። «እኔንም ይሸተኛል» አለ።

እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ምን ይባላል? እፈርማለሁ ብሏል። «አንቺን ፖሊስ ጣቢያ አላመላልስሽም» ነው ያለኝ።

አሁን ስለ አንተ። ያን ወረቀት አልልክልህም። ለምን እንደፈለግከው አላውቅም። ግን በኅዳር የጠየቅኩህ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ላስቲክ፣ ስለ ሹራብ፣ ስለ ወረቀት ጻፍክልኝና እሱን ዘለልከው። ወረቀቱን አጣጥፌ ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ማሽኑ አልኮሉን ይበላል ወይስ አይበላም? አዎ ወይም የለም በለኝ።

አክስትህ

—

ጥር 16

ለአክስቴ፣ ለጋሼ፣ ለፋርማሲስቱም፤

እታባ፣ ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አታንብቢው። ለፋርማሲስቱ ስጪውና ጋሼ ባለበት እሱ ጮክ ብሎ ያንብበው።

መልሱ አዎ ነው። ማሽኑ አልኮሉን እየበላ ነው። ጋሼ አንዲት ጠብታ አልወሰደም።

ሉሆቹ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት መቆየት ነበረባቸው። ነርሷ የምትሄድበት ቀን ምድጃው እስከ እኩለ ቀን በሌላ ሥራ ተይዞ ዋለ፤ እሷ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ተነሺ ናት። አርባ ደቂቃ ሲሆን አወጣኋቸው። መለያው ላይ «ሁለት ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። እታባ፣ ሣጥንሽ ውስጥ ያለው ወረቀት ያ ነው። ሉሆቹንም የወሰድኩት ለአለቃዬ ሳልነግር ነው፤ ከሚጣሉት ቁርጥራጮች መሐል።

በደንብ የበሰለ ሉህ እርጥበት ሲነካው ቅርጹን ይይዛል። ያልበሰለው ያብጣል፤ ውሃ ውስጥ እንደገባ ደረቅ ዳቦ። ሲያብጥ ውስጡ ይላላል፤ ያን ጊዜ ከውሃው ጋር አልኮሉንም ያሳልፈዋል። ውሃው አሁንም ስለሚወጣ ጥራቱ አይበላሽም፣ ልኩ ግን ይጎድላል። ፋርማሲስቱ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሊያውቅ የሚችልበትም መንገድ አልነበረውም። የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ባልዲው ሁለቴ ይሞላል ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን ነው የገባኝ። ጎበዝ ሉህ ባልዲ ሁለቴ አይሞላም፤ ሁለት መቶ ሊትር ውስጥ ያለው ውሃ ስምንት ዘጠኝ ሊትር ነው፣ ከዚያ በላይ ከየት ይመጣል? ገብቶኝ ዝም አልኩ። የምድጃው ቁልፍ በዓይኔ ላይ ዞረብኝ። ቀጥሎ ስለ ካፖርቱ ጻፍሽልኝ፤ አሁንም ዝም አልኩ። ሹራብ ገዛሁ።

ባልዲውን ለኩት። የአልኮል መለኪያውን ብቻ ንከሩበት። ደግሞ ካሁን በኋላ ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ክብሪት ቢነካው ይነዳል።

ይህን ፖስታ ከማሸጌ በፊት ለአለቃዬ ነገርኩት። የምድጃውን መዝገብ አስወጣ፣ ጽሑፌን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። «ምድጃውን ከዛሬ ጀምሮ አትነካም» አለኝ። ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛውሬያለሁ። ካርቶን እለጥፋለሁ። ያባርረኛል ብዬ ነበር።

ጋሼ፣ ጣቢያው ላይ ቃል የገባህልኝ አንተ ነህ፤ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ለማለት ገና አፌ አልተፈታም።

ልጃችሁ

—

የካቲት 3

ለወንድሜ ልጅ፤ ጤና ላንተ ይሁን፤

ደብዳቤህ የደረሰው ጥር 30 ነው። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ጉልበቴን እየጎተትኩ ሄጄ ነው የተቀበልኩት። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ብዬ እስካሁን ይጨንቀኛል።

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም ማሽኑ ክፍል ተሰበሰብን። ፋርማሲስቱ የሚፈረመውን ወረቀት በአንድ እጁ፣ ያንተን ደብዳቤ በሌላኛው ይዟል። አጎትህ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ እስክሪብቶ ከቤቱ ይዞ መጥቷል፣ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶት። ፋርማሲስቱ ማንበብ ሲጀምር ድምፁ እንደ ዳኛ ነበር። «አንዲት ጠብታ አልወሰደም» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ መስመሩን መልሶ አነበበው፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። «ሹራብ ገዛሁ» የምትለዋ ላይ አጎትህ ጣራውን ማየት ጀመረ።

ፋርማሲስቱ መለኪያውን ከመሳቢያው አወጣ። ረጅሙን ብርጭቆ ከባልዲው ሞላውና ነከረበት። ውሃ ቢሆን አንገቱ ብቅ ብሎ ይቆም ነበር። ልጄ፣ ሰመጠ! ከመካከለኛው ምልክት አልፎ ሰመጠ።

«ሃምሳ ስድስት» አለ ፋርማሲስቱ። ጠረገው፣ እንደገና ነከረው። «ሃምሳ ስድስት።»

በየዙሩ ሃያ አንድ ሊትር ከግማሹ በላይ አልኮል ሆኖ በገዛ ቦያችን ሲፈስ ነበር። ያን ባልዲ አንዴ ብንለካው ኖሮ! ከስንት ዓመት በፊት ንጹሕ ውሃ ሆኖ አገኘነውና ከዚያ ወዲህ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ፋርማሲስቱ የተተየበውን ወረቀት አራት ቦታ ቀደደው። ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠፋበት መሰለኝ፣ የመጋዘኑን አዲስ ቁልፍ ከቀለበቱ ለማውጣት ይታገል ጀመር። ጥፍሩ ተሰበረ። አጎትህ ቀለበቱን ከእጁ ተቀብሎ ቁልፉን አወጣና «እስቲ እጅህን ታጠብ፣ ደማ» አለው።

እኔ ደግሞ የካፖርቱን ነገር ነገርኩት፤ በሰው ፊት። «አሸትቼሃለሁ» አልኩት። «አየሁሽ» አለኝ። በመስኮቱ መስታወት አይቶኛል። እስካሁን አልነገረኝም።

አንተን አልሰድብህም፤ ልሰድብህ ሁለት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ። አርባ ደቂቃው ላይ የኔም እጅ አለበት፤ ነርሷ ሳታመልጥህ እያልኩ ያጣደፍኩህ እኔ ነኝ። የኔ እጅ የሌለበት ሦስቱ ወር ነው። እሱን አንተና አጎትህ ትነጋገሩበታላችሁ። ማሽኑ ቆሟል። አዲስ ሉሆች በደንቡ፣ በደረሰኝ አዘናል። ካንተው ፋብሪካ ነው።

አጎትህ ከታች ራሱ ልጻፍ ብሏል። ወረቀቱን ከወሰደ አንድ ሰዓት ሆነው። ሹራቡን ለብሷል፤ እጅጌው ይረዝምበታል።

አክስትህ

ለልጄ፤

እኔ ጽሕፈት አልችልበትም። ያንተ ደብዳቤ ላይ አንድ ነገር ልጨምር።

ሉሆቹን ከገጠምኩ ጀምሮ ያ ባልዲ ይሸተኝ ነበር። ውሃ ነው አሉ። ውሃ እንደማይሸት አውቃለሁ። ስለዚህ የድሮው ነገር በአፍንጫዬ ተመልሶ የመጣብኝ መሰለኝ። ብናገር ጀመረው ይሉኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ትንፋሼን ይዤ ስደፋ ነበር፤ አንዳንዴ እጄ ላይ ይፈስሳል። አራት ወር። አልቀመስኩትም።

ሽታው እውነት ነበር። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ። አንተም ብትሆን ከዚህ የበለጠ የምሥራች ልትነግረኝ አትችልም።

ምድጃውን አትነካም ብለውሃል። እንግዲያው አዲሶቹን ሲጋግሩልን ደጅ ቁምና ሰዓቱን ያዝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። እኔ እጠብቃለሁ።

አጎትህ